የማያስቆጣ፣ የማያስቀምጥ ማዕድ

ወጥ መሥራት ሁሉም ሴት ይችላል። እኔም እችላለሁ፤ ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወጤን እየበላ አርጅቶ ነው የሞተው። ምን፣ መቼ፣ ለማን እንደሚቀርብ ማወቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በእኛ ሰፈር ይህን የምታውቅ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ጌጤ ትባላለች።

ጌጤ ጎረቤቴ ነበረች። ከደብረ ታቦር ወደ ጉና ሲወጡ ዳገቱ ላይ ነው ቤታችን፤ አጥራችን አንድ ነው። ገና ልጅ ሳለች ይፋግ ተዳረች፤ ባሏ ቶሎ ሞተባትና እዚያው ከገበያው ዳር ለነጋዴ ምግብና ጠላ የምትሸጥበት ቤት ከፈተች። ነጋዴው ጨውና ጥጥ የጫኑ አህዮቹን ሳያራግፍ ገና ከደጅ «ጌጤ፣ ዛሬ ምን አለ?» ይላታል። እሷ ታዲያ ያለውን ዝም ብላ አታወርድለትም። መጀመሪያ ፊቱን ታያለች። ከቆላ የመጣ፣ ንዳድ የመታው ከሆነ የተልባ ውሃና ትኩስ ቂጣ ትሰጠዋለች እንጂ ቀይ ወጥ አታሳየውም። መንገዱ ሩቅ ከሆነ ሆድ የሚይዝ በሶ ትቋጥርለታለች። እስላም ነጋዴ ሲመጣ ለሥጋው እስላም ጎረቤቷ ቤት ትልከዋለች፤ ሽሮውንና ወተቱን ከራሷ ትሰጠዋለች። የሳምንቱን ምግብ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ተቀምጣ ታወጣዋለች፤ በገበያው ቀን ምን እንደሚሠራ፣ በጾሙ ቀን ምን እንደሚሠራ፣ የተረፈው ለማን እንደሚሆን። ሁሉም በጭንቅላቷ ነው። እንዲህ ስትል ስሟ እስከ ጎንደር ተጠራ።

ከዚያ ይፋግ ተዘረፈ። ማን እንደዘረፈው አትጠይቁኝ፤ በዚያ ዘመን የማይዘርፍ አልነበረም። ጌጤ አንድ ድስት አዝላ አባቷ ቤት ተመለሰች። አባቷ ሞቷል፤ ልጅ አልወለደችም፤ ባዶ ቤትና ባዶ በረት ነው የጠበቃት። እሷ ግን ቁጭ ብላ የምታለቅስ ሴት አልነበረችም። ዓመት ሳይሞላ በሰፈሩ ውስጥ ሰርግም ቢሆን ተዝካርም ቢሆን «ጌጤን ጥሯት» ሳይባል ጌሾ አይወቀጥም ነበር። ትመጣለች፣ ጎተራውን ታያለች፣ የሚመጣውን እንግዳ ትጠይቃለች፣ ከዚያ «ይህ ይቅደም፣ ይህ ይከተል፣ ይህን ለካህናቱ አስቀሩ» ብላ ትሄዳለች። እንዳለችው ከተደረገ ድሃው ቤት እንኳ አያፍርም።

ኩሩ ነበረች፣ አልዋሽም። እኔ ቤት ትመጣና ማንም ሳይጠይቃት ወጤን ቀምሳ «ጨው አንሶታል፣ ፈንታነሽ» ትለኛለች። «ጨው ያነሰው ምላስሽ ነው» እላታለሁ። ሳምንት እንኮራረፋለን፤ ከዚያ አንዳችን በአጥር ላይ አንገታችንን ብቅ አድርገን እሳት እንለምናለን፤ እርቁ እሱ ነው።

አሁን የምነግራችሁ የሆነው ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ነው። ጦሩ ደብረ ታቦር ሰፍሮ አገሩን እንደ አንበጣ በልቶት ነበር። የሰፈራችን ጭቃ ሹም አያ አለሙ አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። «ወታደር ተመርቶብናል፤ አንድ ሻለቃ ከነጭፍራው ሊሰፍርብን ነው፤ እስኪበቃው ድረስ እያበላን እናስቀምጠዋለን» አሉን።

ወንዶቹ በሬዎቹን ወዲያው ወደ ጉና ገደል ነዷቸው። የቀረው ዘሩ ነው። የሰፈሩን የዘር ገብስ ሁሉ ሰብስበን በአንድ ጉድጓድ ከተትነው፤ ጉድጓዱም የጌጤ በረት ውስጥ ያለው፣ አባቷ ያስቆፈረው ነው። ከብት የሌላት ሴት በረት ማን ይጠረጥራል? አፉን በድንጋይ ገጠምነው፣ በእበት መረግነው፣ ጭድና አዛባ በተንበት። ያ ገብስ ከሄደ ሰኔ ላይ የሚዘራ የለም፤ ሰኔ ካልተዘራ ደግሞ የሚመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከዚያ ጉድጓድ ሌላ ተስፋ አልነበረንም።

አያ አለሙ ያን ዕለት ጌጤ ደጅ መጡ፤ እኔም እዚያው ነበርሁ።

«ጌጤ፣ ቶሎ የሚያስነሳቸውን ነገር አብስይልን» አሏት።

«ምን? መርዝ?»

«ኧረ ስለ ማርያም! ጎመን ነው የምልሽ። ጎመንና ደረቅ ቂጣ እንስጣቸውና ሰልችቷቸው ይሂዱ።»

ጌጤ ሳቀች። «አያ፣ ጾም ቢሆን እሺ። በዓለ ሃምሳ እኮ ነው፤ ረቡዕ እንኳ አይጾምም። በዚህ ወራት ገና ሲገባ ጎመን ያቀረቡለት ሻለቃ ናቁኝ ብሎ ቤት ለቤት ይበረብራል። ከተቆጣ ይፈትሻል፤ ከጠገበ ደግሞ አይሄድም። የማያስቆጣ፣ የማያስቀምጥ ማዕድ ነው የሚያስፈልገን።»

ከዚያ መደቡ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችና ቀን በቀን አወጣችው። ሲገቡ የሚቀርበው ከሁሉም የበለጠው ይሆናል፤ ዶሮ ወጥ በቅቤ፣ ብልቱ ሳይጎድል። ሻለቃው ያላቸውን የመጨረሻውን አቀረቡልኝ ይበል። በማግሥቱ ሽሮ በቅቤ። ከዚያ ሽሮው ይቀጥናል፣ ቅቤው ይቀራል። ከዚያ ክክ። ቂጣው ውስጥ ስናሩ፣ ያ ከገብስ መሐል የሚበቅለው አረም፣ ቀን በቀን እየበዛ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ሳማ ተቀቅሎ በጨው። «ድስቱ ሲራቆት በገዛ ዓይናቸው ያዩታል» አለች። «ያኔ ማንም ሂዱ ሳይላቸው ይሄዳሉ።»

«ጓያም አለ እኮ» አሉ አያ አለሙ።

«ጓያ አላበላም። ሰው ያሽመደምዳል። የወታደሩም እግር የሰው እግር ነው።»

«ዶሮውስ ከየት ነው?» አልሁ። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። በሰፈሩ የቀረው አውራ ዶሮ የእኔ ነበር። ሰደብኋት፣ ረገምኋት፣ አመጣሁላት።

ሻለቃ ዘውዱ በማግሥቱ ገባ። ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው፤ እኔ የሚጮኸውን እመርጣለሁ፣ የሚጮኸው ቶሎ ይወጣለታል። ጭፍሮቹን በየቤቱ ደለደላቸው። ጌጤ ቤት ማሩ የሚባል ወታደር ከሚስቱ ጋር ተመራባት። ሚስቱ ዓለሚቱ የዋድላ ልጅ ናት፤ ገና ለግላጋ፤ ሆዷ ገፍቶ እስከ ጉሮሮዋ ደርሷል፤ እንዲያም ሆና ድስትና ወፍጮ ተሸክማ ከጦሩ ኋላ ስትጎተት ነው የከረመችው።

ጌጤ ያወጣችው ሁሉ አንድም ሳይዛነፍ ሆነ። ለሻለቃው ራሷ ነበረች የምታቀርበው። ዶሮውን በላ፣ መረቃት። ሽሮውን በላ። ቅቤው ሲቀር ቀና ብሎ አያት፤ «ጌታዬ፣ ይኸው ነው ያለን» አለችና አቀረቀረች። ጭፍሮቹ በስናሩ ቂጣ ሆዳቸው እየተነፋ ማጉረምረም ጀመሩ። እኔ ቤት የተመራው አንዱማ «እናንተ ከእኛም ታሳዝናላችሁ» ብሎ ከዘረፈው ቋንጣ ቆርሶ ሰጠኝ፤ ምን ላድርግ፣ በላሁት። ሳማው የቀረበ ዕለት ሻለቃው ከት ብሎ ሳቀ፤ እጁን ታጠበና «ከነገ ወዲያ እንነሣለን፤ እዚህ ከቆየን እነሱ እኛን ይበሉናል» አለ።

እሰይ! ያን ዕለት እንዴት እንደዋልን! እልል አይባል፣ አይዘፈን፤ ሁላችን አፋችንን በነጠላ ይዘን ነው የምንስቀው። አያ አለሙ የጌጤን ግንባር ሳሙት። እሷም ሳትኮራ አልቀረችም፤ እኔ ቤት መጥታ «ያን ዶሮ ያለ እኔ ብትሠሪው ኖሮ እስካሁን ይዘርፉን ነበር» አለችኝ። ደስ ስላለኝ ለዚያች ቀን ማርኋት።

በማግሥቱ ጧት ዓለሚቱን ምጥ ያዛት።

እንግዲህ ሴት ስታምጥ የወታደር ሚስት ናት፣ የጠላት ናት አይባልም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ጌጤ ቤት ገባን፤ «ማርያም፣ ማርያም» እያልን ወገቧን ያዝንላት። ልጅቷ ከእኛ በቀር ማን አላት? እናቷን እየጠራች ጮኸች፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሴት ልጅ ተገላገለች። እልል አልን። ማሩ ከደጅ ሆኖ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

አራስ ደግሞ ገንፎ ትበላለች። ይህ የማይቀር ነገር ነው፤ ማንም ድሃ ቢሆን፣ ጎረቤት ለምኖም ቢሆን፣ አራስ ገንፎ ሳትቀምስ አትተኛም፤ የጠየቋት ሴቶችም አብረው ይቀምሳሉ። በሰፈሩ ያለው ዱቄት ግን ግማሹ ስናር፣ ግማሹ ጓያ ነው። ያን ለደከመች አራስ ማን ይሰጣል? ሁላችንም ተያየን። ጌጤ ልጅቷን አየቻት፤ ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ከዚያ «በረቱን ልጥረግ፣ ሰው ይበዛል» ብላ ወጣች። ቆይታ ኩበት በቅርጫት ተሸክማ ተመለሰች። ከኩበቱ ሥር ምን እንዳለ ማን ያያል? እኔ እንኳ አላየሁም።

ቆላችው፣ ሸክሽካ ፈጨችው። ገብስ ሲቆላ ሸተተኝና ከማድጋ ጥግ ያስቀረቻት እፍኝ ትኖራለች አልሁ። ገንፎው ተገንፍቶ መጣ፤ መሐሉ ተቦርቡሮ ማሩ ከሌላ አገር የዘረፈው ቅቤ ፈሰሰበት። ያኔ ሸተተን።

ጉድጓድ የከረመ ገብስ የራሱ ሽታ አለው፤ የታመቀ አፈርና የእበት ሽታ። ሲቆሉት ይጠፋል፤ ቂጣ ሲሆንም አይታወቅም። ትኩስ ገንፎ ሆኖ ቅቤ ሲፈስበት ግን ተመልሶ ይወጣል። ደገኛ ሴት ይህን ታውቃለች። ጌጤ አላወቀችም፤ ዕድሜዋን የጨረሰችው ይፋግ፣ ከገበያ የተገዛ እህል እየፈጨች ነው። ስንት ማዕድ ያወጣች ሴት፣ በዚህ በአንዱ ተያዘች!

ቀና ብዬ ሴቶቹን አየኋቸው፤ ሁሉም አውቀዋል። ብንተወው ያስጠረጥራል፤ ስለዚህ ጎረስን። «እጅሽ ይባረክ፣ ጌጤ» አልናት፤ እየዋጥን፣ በዓይናችን እየተቆጣናት። የሁላችንንም ፊት ስታይ ገባት።

ዓለሚቱ አንድ ጎረሰች፣ ሁለት ጎረሰች፣ ከዚያ እንባዋ ወረደ።

«ምነው ልጄ፣ አቃጠለሽ?» አለቻት ጌጤ።

«የለም እናቴ። የእናቴ ቤት ገንፎ ነው። ልክ እንደዚህ ነው የሚሸተው» አለች። ከዚያ፣ እኛ አፏን ሳንይዛት፣ ወደ በሩ ዞራ ባሏን ተጣራች። «ማሩ! ና ቅመስልኝ! የጉድጓድ ገብስ ነው፤ እንደ አገራችን!»

ወይኔ ልጄ! ምን ታውቃለች? ወገቧ ተቆርጦ፣ ደሟ ፈስሶ፣ የእናቷ ቤት ትዝ ያላት ልጅ ናት። ዛሬም አልፈርድባትም።

ለባልየው በቅል ቆርሰው በበሩ አቀበሉት። ማሩም የገበሬ ልጅ ነው። ቆሞ በላው፤ ቅሉን ጠርጎ በላው። አመስግኖ መለሰው። ከዚያ ገንፎው ከአፉ ሳይደርቅ ወደ ሻለቃው ድንኳን ሲሄድ በበሩ ስንጥቅ አየነው። እሱን ግን እግዜር ይፍረደው።

ፍለጋው አልረዘመም። መሬቱን በጦራቸው ዘንግ እየወጉ መጀመሪያ ጓዳ፣ ቀጥሎ ጓሮ፣ ቀጥሎ በረት። ጌጤ የመረገችው እበት ገና እርጥብ ነበር። ድንጋዩን አነሡት። ያ ሁሉ ልፋታችን፣ የየቤቱ ዘር፣ በአቁማዳ እየተሞላ ሲወጣ ቆመን አየን። አያ አለሙን «በሬዎቹስ?» እያሉ ግንድ ላይ አስረው ገረፏቸው። ጀርባቸው ተተልትሎ እንኳ አልተናገሩም። ሴቱ ይጮኻል፤ ሕፃኗ ውስጥ ታለቅሳለች።

ሻለቃው ጌጤን አስጠራት። ሰፈሩ ሁሉ በተሰበሰበበት ነው።

«ሳማ ያበላሽኝ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ዶሮውን ያስቀደምሽው አስበሽበት ነው?»

«አስቤበት ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ያለች ወጥ ቤት በጌቶች ቤት እንኳ አላየሁም። ልነሣ አንድ ቀን ሲቀረኝ ታዲያ ጉድጓዱን ለምን ከፈትሽው?»

«አራስ ናት» አለች ጌጤ።

ሻለቃው ወደ አቁማዳዎቹ ዞረ። ከዚያ ቁና አስመጣና ከአቁማዳው ገብስ አስሞልቶ ደረቷ ላይ አስታቀፋት። «ይህ አራሳችንን ስላበላሽልን ነው» አለ። ምነው በገረፋት! ምነው ቤቷን ባቃጠለ! ያ ሁሉ ሰው ዘሩ ሲወሰድ፣ አያ አለሙ ደማቸው ሲንጠባጠብ፣ እሷ ብቻዋን የገብስ ቁና ታቅፋ ቆመች። መጣል አትችል፣ መሸሽ አትችል።

በማግሥቱ ተነሡ። ዓለሚቱን በቅሎ ላይ አወጧት፤ ልጇን በነጠላ ታቅፋ ወደ ጌጤ ጎንበስ አለች። «እናቴ፣ ምን አደረግሁ?» እያለች ታለቅሳለች። «ምንም አላደረግሽ። ራስሽን ሸፍኚ፣ ብርድ እንዳይመታሽ። ልጅሽን አጥቢ» አለቻት ጌጤ።

ጌጤ ያን ቁና ተሸክማ ቤት ለቤት ዞረች። «ዘር ነው፤ እፍኝ እፍኝ እንካፈለው» ትላለች። በር የከፈተላት የለም። አንዷ በውስጥ ሆና «የተሸለምሽው ነው፣ ብይው» አለቻት። ወንዶቹ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ። እኔ ቤት መጣች፤ አስገባኋት። «ጌጤ፣ ዕብድ አትሁኚ፤ እሱን ቆልተን ለሁለታችን እንብላውና ነፍሳችንን እናቆይ» አልኋት።

«ዘር አይበላም» አለች።

«እፍኝ ዘር ለማን ይዳረሳል?»

«እኔ እንጃ። ግን አይበላም።»

ተቆጣኋት፣ ለመንኋት። ቁናዋን ይዛ ወጣች። ወደ ቤቷ ገብታ አፉን በእበት መረገችው፤ ነቀዝ እንዳይገባበት።

ከዚያ ረኃቡ መጣ። ሳማው በእውነት ተበላ፤ ጓያውም ተበላ። ጎበዙ በየአቅጣጫው ተሰደደ፤ እኔም እህቴ ዘንድ አንበሳሜ ወረድሁ። ጌጤን «አብረን እንሂድ» አልኋት። «በሬዎቹ ከጉና ሲመለሱ ዘሩን ማን ያወጣላቸዋል?» አለችኝ። በእሷ ቤት ጠብቂ ብሎ የሾማት ሰው ያለ ይመስላታል። ስለያት አንገቷ ሰልሎ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ ነበር፤ ያም ሆኖ የቋጠርሁትን ስንቅ ቀምሳ «ጨው አንሶታል» አለች። ስቄ ስቄ፣ ኋላ መንገድ ላይ ጮኼ አለቀስሁ።

ሰኔ ዝናቡ ሲጥል ተመለስሁ። ከቤቷ ጭስ አይወጣም። አያ አለሙ በከዘራ እየተደገፉ አብረውኝ ገቡ። መደቡ ላይ ነበረች፤ ከሞተች ሰንብታለች። ከራስጌዋ ቁናው አለ። አያ አለሙ ምርጉን በጥፍራቸው ሰበሩት። ሙሉ ነበር። አንዲት ፍሬ አልጎደለም።

ቀበርናት፤ መቃብር የሚቆፍር ጉልበት ያለው ሰው አጥተን ስንት ቀን ለመንን። ተዝካር የሚያወጣላት የለም፤ ማን ምኑን ያውጣ? አያ አለሙ ግን አንድ ጥማድ ከሲታ በሬ አስመጥተው ያን ቁና በጌጤ ማሳ ዘሩት። በደረሰ ጊዜ አጭደው ለሰፈሩ በእፍኝ አከፋፈሉት። በር የዘጉባት ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ። እፍኙ በዓመቱ ቁና ሆነ፤ ቁናው አቁማዳ ሆነ።

ዛሬ ሰፈራችን የሚዘራው ገብስ እሱ ነው። ሰርግ አለ፣ ማኅበር አለ፣ አራስም ገንፎ ትበላለች። ሴቶቹ ገንፎውን ከበው ሲቀመጡ ወሬው እዚያ መድረሱ አይቀርም፤ «ጉድጓዱን ለወታደር ያሳየችው ያች የይፋጓ» ይላሉ። ይጎርሳሉ፣ ያሟታል፣ ይጎርሳሉ።